የተሰጠ ኮድ አይነሣም፦ የጉራጊኛ ፊደላት የዩኒኮድ ምዝገባና ለምርምር ሥራ ያስከተለው ውጤት

መስከረም 4 ቀን 2014 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 14 ቀን 2021) ይፋ የሆነው የዩኒኮድ ደረጃ 14.0 እትም 28 አዳዲስ የጉራጊኛ ፊደላትን ይዞ ወጣ። ከዚያ 16 ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ4.1 እትም፣ ለሰባት ቤት ጉራጌ የተባሉ ሌሎች ፊደላት ተመዝግበው ነበር። አዲሶቹ የሚወክሏቸው ድምፆች በአብዛኛው እንግዳ አይደሉም፤ በሌላ ቅርጽና በሌላ ቁጥር ቀድሞውኑ በደረጃው ውስጥ ነበሩ። በመሆኑም ዛሬ አንድን የጉራጊኛ ቃል በኮምፒዩተር በሁለት መንገድ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለቱም መንገዶች በደረጃው ፊት እኩል ሕጋውያን ናቸው።

ይህ እንዴት እንደ ሆነ መረዳት የሚጠቅመው ለፊደል ታሪክ ተመራማሪ ብቻ አይደለም። በወልቂጤ ዩኒቨርሲቲ ጉብሬ ግቢም ሆነ በሌላ ተቋም የጉራጊኛ ጽሑፍ የሚሰበስብ፣ መዝገበ ቃላት የሚያዘጋጅ ወይም የቋንቋ ሞዴል የሚያሠለጥን ሰው ዛሬ የሚያከማቸው ፋይል ነገ ተፈልጎ መገኘቱና በትክክል መነበቡ ከዚህ ጋር የተያያዘ ነው። ዩኒኮድ የለውጥ ሐሳብን የሚያስተናግደው በመጨመር ነው፤ መተካትን አያውቅም። አሮጌውን የመተው ሥራ ለጸሐፊውና ለተመራማሪው የቀረ ነው፤ እስካሁን ትኩረት ያልተሰጠውም ይኸው ሥራ ነው።

አንድ ፊደል የሚሸከመው

አማርኛ ከንፈርን በማሞጥሞጥ የሚነገሩ ተነባቢዎችን በቋ፣ በኳ፣ በጓ፣ በሟና በመሳሰሉት ይጽፋል። በሰባት ቤት ቋንቋዎች ግን ይህ ጠባይ ሰዋስዋዊ ተግባር አለው። በቸሃ «ከፈት» (ከፈተ) የሚለው የግስ ግንድ ተሳቢው ሦስተኛ መደብ ነጠላ ወንድ ሲሆን «ከᎈት» ይሆናል፤ «ነከስ» ወደ «ነኰስ»፣ «መሰር» ወደ «ᎀሰር» ይለወጣል። ከግንዱ ተነባቢዎች መካከል የከንፈርን ጠባይ ሊቀበል የሚችለው የመጨረሻው ተነባቢ ይለወጣል፤ የሚታየው ልዩነት ይኸው ነው። ጆን ማካርቲ እ.ኤ.አ. በ1983 ይህን ክስተት ከተነተነ ወዲህ ቸሃ በሥነ ድምፅ ንድፈ ሐሳብ መማሪያዎች ውስጥ በተደጋጋሚ የሚጠቀስ ቋንቋ ሆኗል። እንግዲህ ᎈን በፈ የሚተካ የኮምፒዩተር ፕሮግራም የሚያጠፋው የፊደል ጌጥ አይደለም፤ ተሳቢውን ያጠፋል።

የግዕዝ ፊደል ለዚህ የሚሆን መሣሪያ በከፊል ነበረው። ቈ፣ ኈ፣ ኰና ጐ እያንዳንዳቸው በግዕዝ፣ በሣልስ፣ በራብዕ፣ በኃምስና በሳድስ አምስት አምስት ቅርጽ አላቸው። መ፣ በ፣ ፈና ፐ ግን ከራብዑ (ሟ፣ ቧ፣ ፏ፣ ፗ) በስተቀር ዲቃላ ቅርጽ አልነበራቸውም። ምላስ ወደ ላንቃ ተጠግቶ ለሚነገሩት የቀ፣ የከና የገ ዝርያዎች ደግሞ ምንም አልነበረም። ስለዚህ በጉራጊኛ የሚጽፍ ሁሉ ወይ የራሱን ምልክት መፍጠር ወይም ወደ ላቲን መሄድ ነበረበት። ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም በቸሃ የጻፉት ልብ ወለድ እ.ኤ.አ. በ1964 በዎልፍ ሌስላው የእንግሊዝኛ ትርጉም ታትሟል። ሌስላው ራሱ እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ የጉራጌ ሥርወ ቃል መዝገበ ቃላት ድምፆቹን የመዘገበው በላቲን ምልክቶች ነው።

ሁለት ምዝገባዎች

ኢትዮጵያውያን በኮምፒዩተር መጻፍ ሲጀምሩ እያንዳንዱ ሶፍትዌር ለፊደላቱ የራሱን ቁጥር ይሰጥ ነበር። በፓወር ግዕዝ የተጻፈ ጽሑፍ የዚያው ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈት ትርጉም የለሽ የምልክት ክምር እንደሚሆን የዚያ ዘመን የቢሮ ሠራተኛ ሁሉ ያስታውሰዋል። ዩኒኮድ እ.ኤ.አ. በ1999 በ3.0 እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትን፣ አኃዞችንና ሥርዓተ ነጥቦችን ሲመዘግብ ይህ ችግር መሠረታዊ መፍትሔ አገኘ፤ መፍትሔው ግን በዋናነት ለግዕዝ፣ ለአማርኛና ለትግርኛ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው 4.1 እትም ክፍተቱን ለመሙላት የመጀመሪያው ሰፊ እርምጃ ነው። ለመ፣ ለበ፣ ለፈና ለፐ የጎደሉት አራት አራት ዲቃላዎች፣ በድምሩ 16 ፊደላት፣ በሰባት ቤት ስም ገቡ። በላንቃ ለሚነገሩት ደግሞ ሰባት ሰባት ቅርጽ ያላቸው አራት ረድፎች፣ በድምሩ 28 ፊደላት፣ ተጨመሩ። በዚያ ጊዜ ጉዳዩ የተቋጨ ይመስል ነበር።

የጉራጊኛ አጻጻፍ ግን ከዚያ በኋላ ተሻሻለ። የተሻሻለው አጻጻፍ ከቀድሞዎቹ ቅርጾች የተወሰኑትን ተቀብሎ የተወሰኑትን ለወጠ። ለግዕዝ ፊደል የዩኒኮድ ምዝገባ ለብዙ ዓመታት የሠሩት ዳንኤል ያዕቆብ ያቀረቡት የምዝገባ ሐሳብ ተቀባይነት አግኝቶ አዲሶቹ ቅርጾች በ14.0 እትም ታተሙ። ዝርዝሩን ልብ ብሎ ለሚያይ ሰው የተሐድሶው አካሄድ ከራሱ ከዝርዝሩ ይነበባል። ለመ፣ ለበ፣ ለፈና ለፐ አዲስ የሆኑት ሣልሱና ኃምሱ ብቻ ናቸው፤ ግዕዙና ሳድሱ የ2005ቱ እንደ ሆኑ ቀጥለዋል። ለቀ፣ ለከና ለገ ሣልሱ፣ ኃምሱና ሳድሱ አዲስ ናቸው። የሐ ቤት አንድ ሙሉ የላንቃ ረድፍና አራት ዲቃላዎች አግኝቷል። ስምንት፣ ዘጠኝ፣ ሰባትና አራት፤ በድምሩ 28።

የለውጥ ሐሳብ እንዴት ያልፋል?

ለዩኒኮድ የምዝገባ ሐሳብ ማቅረብ ለማንም ክፍት ነው። አቅራቢው የአንድ መንግሥት ወይም የአንድ ኩባንያ ተወካይ መሆን አይጠበቅበትም፤ አንድ የድኅረ ምረቃ ተማሪም ማቅረብ ይችላል። ድምፅ የመስጠት መብት ግን ክፍያ የሚፈጽሙ አባላት ነው፤ ከሙሉ አባላቱም የሚበዙት ታላላቅ የቴክኖሎጂ ድርጅቶች ናቸው። ሐሳቡ በቅድሚያ በጽሕፈት ሥርዓቶች ባለሙያዎች ቡድን ይመረመራል፤ ብዙውን ጊዜ ከነአስተያየቱ ወደ አቅራቢው ተመልሶ ይታረማል። ከዚያ በዓመት አራት ጊዜ በሚሰበሰበው የቴክኒክ ኮሚቴ ፊት ይቀርባል። ከዚህ ጎን ለጎን ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት በሚያወጣው ተጓዳኝ ደረጃ በኩል የአገሮች የደረጃ ተቋማት ድምፅ ይሰጡበታል። ሁለቱ ደረጃዎች ምንጊዜም እንዲጣጣሙ ስለሚፈለግ አንዱ ሳያውቅ ሌላው ፊደል አይጨምርም።

ገምጋሚዎቹ አብዝተው የሚጠይቁት ስለ አጠቃቀም ማስረጃ ነው። ፊደሉ የት ታትሟል? ማን ይጠቀምበታል? አሁን ካሉት ፊደላት በአንዱ ወይም በጥምር ሊወከል አይችልም ወይ? ውብ ሆኖ የተነደፈ ነገር ግን ያልታተመ ፊደል በዚህ ወንፊት አያልፍም። ጥብቅነቱ ከቢሮክራሲ የመነጨ ሊመስል ይችላል። እውነተኛው ምክንያት ግን ከሁሉም ደንቦች በላይ የሚቆመው አንዱ ደንብ ነው፤ አንድ ጊዜ የተሰጠ ኮድ አይነሣም፣ አይዛወርም፣ ለሌላ ፊደልም አይሰጥም።

አይነሣም የተባለበት ምክንያት

ደንቡ ከመከራ የተገኘ ነው። የዩኒኮድ የመጀመሪያዎቹ እትሞች 6,656 የኮሪያ ፊደላትን በአንድ ቦታ መዝግበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣው 2.0 እትም እነዚህ ከነበሩበት ተነሥተው 11,172 የኮሪያ ፊደላት በአዲስ ቦታ በሙሉ ተደረደሩ። የተለቀቀው ቦታ ከሦስት ዓመት በኋላ በአብዛኛው ለቻይንኛ ፊደላት ተሰጠ። በአሮጌው ቁጥር የተቀመጠ የኮሪያ ጽሑፍ ካለ ዛሬ ሲከፈት ትርጉም የለሽ የቻይንኛ ፊደላት ድርድር ሆኖ ይታያል። ከዚያ ወዲህ እንዲህ ያለው ዝውውር እንዳይደገም ተወስኗል።

ጽናቱ እስከ ስም ድረስ ይሄዳል። እያንዳንዱ ፊደል የማይለወጥ የእንግሊዝኛ ስም አለው። የ2005ቱ የሰባት ቤት ፊደላት በገቡበት በዚያው 4.1 እትም ለአንድ የቅንፍ ምልክት በተሰጠ ስም ውስጥ ሁለት ሆሄያት ቦታ ተለዋውጠው ታተሙ። ስሕተቱ ዓይን የሚወጋ ነው፤ ሆኖም አልታረመም፤ ትክክለኛው ስም እንደ ተቀጽላ ተያያዘለት እንጂ የተሳሳተው ዛሬም ዋናው ስም ነው። የአዲሶቹ ዲቃላዎች ስም «ጉራጌ» የሚል ቅጥያ የተጨመረበትም ከዚሁ የተነሣ ነው። ለምሳሌ ሗ እ.ኤ.አ. በ1999 የወሰደው ስም ለአዲሱ የሐ ግዕዝ ዲቃላ ቢስማማም ሁለት ፊደላት በአንድ ስም ሊጠሩ፣ ሗም ስሙን ሊለቅ አይችልም። የላንቃ ረድፎቹ ስማቸው ቀድሞ ስላልተያዘ ያለ ቅጥያ ገብተዋል።

ከሌሎች በማኅበረሰብ ከሚጠበቁ ደረጃዎች ጋር ማነጻጸር እዚህ ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. ከ1969 ጀምሮ የሚታተሙት የኢንተርኔት የቴክኒክ ሰነዶችም አንዴ ከወጡ አይቀየሩም፤ ማሻሻያ ሲመጣ በአዲስ ቁጥር ይታተማል። ሆኖም በአዲሱ ራስጌ ላይ «ይህ እከሌን ይሽራል» ተብሎ ይጻፋል፤ አንባቢም የትኛው በሥራ ላይ እንዳለ ወዲያው ያውቃል። በቂጫም ቢሆን የየጆካ ሸንጎ አንድን ድንጋጌ ሲያሻሽል የቀድሞው መቅረቱ ለሁሉም ይታወቃል። ዩኒኮድ ለፊደል እንዲህ ያለ የሽረት ግንኙነት የለውም። «አይመከርም» የሚል ምልክት አለው፤ ምልክቱ የተሰጠው ግን ለጣት ቁጥር ያህል ጥቂት ፊደላት ነው፤ የተሰጣቸውም ቢሆኑ ከቦታቸው አልተነሡም። ስለዚህ በ2005 የተመዘገበው የመ ዲቃላ ሣልስ (ᎁ) እና በ2021 የተመዘገበው የዚያው ድምፅ ሣልስ በደረጃው ዓይን ዝምድና የሌላቸው ሁለት ፊደላት ናቸው።

አንድ ፊደል ወይስ ሁለት?

አዲስ ቁጥር መስጠት ብቸኛው አማራጭ አልነበረም። ዩኒኮድ በሠንጠረዡ ላይ የሚያሳትመው ቅርጽ ምሳሌ እንጂ ግዴታ አይደለም፤ የፊደል ማንነትና የፊደል መልክ የተለያዩ ናቸው። በዚህ መርሕ መሠረት አዲሶቹን ቅርጾች የቀድሞዎቹ ፊደላት ሌላ መልክ አድርጎ ማየትና ለውጡን በፎንት ብቻ መፈጸም ይቻል ነበር። ይህ ቢሆን ኖሮ አሮጌ ፋይሎች ፎንት ሲቀየርላቸው ብቻ አዲሱን መልክ ይለብሱ፣ ፍለጋም ሳይስተጓጎል ይቀጥል ነበር።

ለቀ፣ ለከና ለገ ግን ይህ አማራጭ ከባድ ዋጋ አለው። ቊ፣ ኲና ጒ የግዕዝና የአማርኛም ፊደላት ናቸው። በአንድ ገጽ ላይ የጉራጊኛ ቃል ከነአማርኛ ፍቺው የሚሰፍርበት መዝገበ ቃላት በጉራጊኛ ፎንት ቢታተም የአማርኛው ቊ የጉራጊኛውን መልክ ይይዛል፤ በአማርኛ ፎንት ቢታተም ተቃራኒው ይሆናል። ቅርጽን የሚለይ መረጃ ፊደሉ ውስጥ ከሌለ ጽሑፉ ከአንድ ፕሮግራም ወደ ሌላ ሲገለበጥ ልዩነቱ ይጠፋል። የተለየ ቁጥር መሰጠቱ እዚህ ላይ ተገቢ ነው።

ለመ፣ ለበ፣ ለፈና ለፐ ግን ነገሩ ይበልጥ ያከራክራል። የ2005ቱ ሣልሶችና ኃምሶች በደረጃው የገቡት ለሰባት ቤት ተብለው ነው፤ ከአማርኛ ወይም ከግዕዝ ጋር የሚያጋጫቸው ነገር የለም። ቅርጻቸው በፎንት ቢቀየር የሚጎዳው በቀድሞው መልክ የታተመን ሥራ እንደ ነበረ ማሳየት የሚፈልግ ሰው ብቻ ነበር። በአንጻሩ የአንዱን ቤት ለውጥ በቁጥር፣ የሌላውን በፎንት ማስተናገድ አንድን ተሐድሶ ለሁለት ከፍሎ ለፎንት ሠሪውም ለመምህሩም ግራ የሚያጋባ ይሆን ነበር። በመጨረሻ ወጥነት በልጧል። ውሳኔው ሊደገፍ የሚችል ነው፤ ሆኖም ስምንት ጥንድ ፊደላትን ያለ ግዴታ መንታ አድርጓል።

ጉዳቱ የሚታይበት ቦታ

የመጀመሪያው ፍለጋ ነው። ዩኒኮድ አንዳንድ ፊደላትን «በሁለት መንገድ ቢጻፉም አንድ ናቸው» ብሎ የሚያስተካክልበት ሥርዓት አለው፤ የጉራጊኛ መንታዎች ግን በዚህ ሥርዓት ውስጥ የሉም። በአዲሱ ሣልስ የተጻፈን ቃል የሚፈልግ ሰው በ2005ቱ ሣልስ የተጻፈውን አያገኝም፤ የቃላት ድግግሞሽ የሚቆጥር ፕሮግራምም አንዱን ቃል ሁለት አድርጎ ይቆጥራል። ጽሑፉ ጥቂት በሆነ ቋንቋ ላይ ይህ ቀላል ኪሣራ አይደለም።

ሁለተኛው ቦታ ነው። የ1999ኙ ዋና ክፍል በአሥርዮሽ አቆጣጠር ከ4608 እስከ 4991 ያሉትን ቁጥሮች ይይዛል። ለአማርኛ የተዘጋጁ የጽሑፍ ማጽጃ ፕሮግራሞች ከዚህ ክልል ውጭ ያለውን ሁሉ «የኢትዮጵያ ፊደል አይደለም» ብለው የሚሰርዙበት አሠራር የተለመደ ነው። የᎈ ቁጥር 5000 ነው። «ከᎈት» እንዲህ ባለው ፕሮግራም ውስጥ ሲያልፍ «ከት» ሆኖ ይወጣል፤ ምንም ዓይነት የስሕተት መልእክትም አይታይም። የ2021ዶቹ ደግሞ ከ124,896 ጀምሮ የተቀመጡ ናቸው፤ ማለትም ከ65,536 በላይ። ነባሮቹ የኢትዮጵያ ፊደላት በተለመደው የዩኒኮድ ፋይል አቀማመጥ ሦስት ባይት ሲፈጁ እነዚህ አራት ይፈጃሉ። ማይኤስኪዩኤል በተባለው የመረጃ ቋት «ዩቲኤፍ 8» የሚለው የቆየ አማራጭ ከሦስት ባይት በላይ አይቀበልም፤ እንደ አወቃቀሩ ወይ መዝገቡን አልቀበልም ይላል ወይም ጽሑፉን ከዚያ ፊደል ጀምሮ ቆርጦ ይጥላል። ባለ አራት ባይቱ አማራጭ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ አለ፤ ነገር ግን መደበኛ የሆነው በ2018ቱ 8.0 እትም ስለሆነ ከዚያ በፊት የተሠሩ ብዙ ሥርዓቶች በአሮጌው ላይ ናቸው።

ሦስተኛው ከአማርኛ የተወረሰ ልማድ ነው። በአማርኛ ቋንቋ ቴክኖሎጂ ሥራ ሐንና ኀን ወደ ሀ፣ ሠን ወደ ሰ፣ ዐን ወደ አ መመለስ እንደ መጀመሪያ እርምጃ ይወሰዳል። ለአማርኛ ምክንያት አለው፤ ድምፆቹ አንድ ሆነዋልና። ለጉራጊኛ ግን የሐ ቤት የራሱ የላንቃ ረድፍና የራሱ ዲቃላዎች ማግኘቱ ብቻውን ይህ ቤት የሀ ምትክ እንዳልሆነ ያሳያል። የአማርኛውን ፕሮግራም ሳይመረምር በጉራጊኛ ላይ የሚያስኬድ ሰው የቋንቋውን አንድ ተነባቢ ከነዘሩ ይደመስሳል።

በአገር ውስጥ የሚሠራው

ከላይ የተዘረዘሩት ጉዳቶች ዩኒኮድን በማስለወጥ የሚፈቱ አይደሉም። ደረጃው ግን ሁሉን አላሰረም። የፊደላት ቅደም ተከተል (በመዝገበ ቃላት የትኛው ከየትኛው ይቀድማል የሚለው) በቋንቋ ደረጃ ሊስተካከል ይችላል፤ በሠንጠረዡ ላይ የሚጻፉ ማብራሪያዎችም ሊታረሙ ይችላሉ፤ ኪቦርድና ፎንት ደግሞ ሙሉ በሙሉ ከደረጃው ውጭ ናቸው።

በቅድሚያ የሚያስፈልገው የመንታዎች ሠንጠረዥ ነው፤ ሥራው ከአንድ የማስተርስ ጥናት አንድ ምዕራፍ አይበልጥም። የመ፣ የበ፣ የፈና የፐ ስምንት ጥንዶች ያለ ስጋት አንድ በአንድ ሊዛመዱ ይችላሉ። የቀ፣ የከና የገ ዘጠኙ ግን የሚዛመዱት ጽሑፉ ጉራጊኛ መሆኑ ከታወቀ በኋላ ነው፤ አለዚያ በመካከሉ የተጠቀሰ የግዕዝ ወይም የአማርኛ ቃል አብሮ ይለወጣል። የሐ የላንቃ ረድፍ ከ2005ቱ ተመሳሳይ ረድፍ ጋር ይገናዘባል። አራቱ የሐ ዲቃላዎች በጣም አስቸጋሪዎቹ ናቸው፤ የቀድሞው ጸሐፊ በኈ ይሁን በዀ ቤት እንደ ተጠቀመ ምንጩ ሳይታይ አይወሰንም። ሠንጠረዡም ለፍለጋና ለቆጠራ ብቻ ሥራ ላይ መዋል አለበት፤ የተሰበሰበው ጽሑፍ ራሱ እንደ ተጻፈ ይቀመጥ።

ሌላው የአጻጻፉን እትም በፋይሉ ላይ መግለጽ ነው። የጀርመንኛ አጻጻፍ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲሻሻል የአሮጌውና የአዲሱ ጽሑፍ በዓለም አቀፉ የቋንቋ መለያ ሥርዓት «1901» እና «1996» በሚሉ ቅጥያዎች እንዲለዩ ተደርጓል። ጉራጊኛም በዚህ ሥርዓት ተመሳሳይ ቅጥያ እንዲመዘገብለት ከመጠየቅ የሚከለክለው ነገር የለም። ጥያቄው ግን ቀደም ብሎ መልስ የሚሻ ሌላ ጥያቄ ያነሣል፤ ቅጥያው የሚያያዘው በየትኛው ቋንቋ ላይ ነው? በዓለም አቀፉ የቋንቋዎች ኮድ ሰባት ቤት ጉራጌ፣ እኖር፣ ክስታኔና ምስቃን የተለያዩ ኮዶች አሏቸው። በወልቂጤና በእምድብር ዙሪያ የሚነገረውን መነሻ አድርጎ የተሠራ አጻጻፍ በቡታጅራ ዙሪያ ለሚነገረው ምስቃንኛ ሲውል ኮዱ ይለያያል፤ ፊደሉ ግን አንድ ነው። ይህን ለመወሰን የቋንቋ ባለሙያው፣ የትምህርት ጽሕፈት ቤቱና የኮምፒዩተር ባለሙያው በአንድ ጠረጴዛ መቀመጥ አለባቸው፤ የውሳኔያቸውም ሰነድ ቁጥርና ቀን ሊኖረው ይገባል። የ2005ቱ ምዝገባ በ16 ዓመት ውስጥ መደገም ያስፈለገው በቴክኒክ ጉድለት አይደለም፤ ኮዱ አጻጻፉ ከመርጋቱ በፊት ስለ ደረሰ ነው።

አዲሱ ክፍል 32 ቦታዎች ያሉት ሲሆን 28ቱ ተይዘዋል። ክፍት ከሆኑት አራቱ አንዱ በሐ የላንቃ ረድፍ መጨረሻ ላይ ያለው ስምንተኛ ቦታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1999 የሀ ረድፍ ስምንተኛ ቦታም እንዲሁ ባዶ ነበር፤ ከስድስት ዓመት በኋላ ሇ ገባበት። የጉራጊኛው ክፍት ቦታ አንድ ቀን ቢፈለግ አቅራቢው የሚሞላው ቅጽ ፊደሉ አሁን በሥራ ላይ መሆኑንና ከተጠቃሚው ማኅበረሰብ ጋር ግንኙነት መደረጉን ይጠይቃል፤ «አዎን» ከተባለ ደግሞ የትና ከማን ጋር የሚሉት ይከተላሉ። ለእነዚህ መልስ ሆኖ የሚያያዘው የታተመና የአጻጻፍ እትሙ በግልጽ የሰፈረበት ጽሑፍ ነው።